ድንጋይ የተሸከሙት ሹም

እሜቴ የውብዳር ማረፋቸውን የሰማሁት ደብረ ታቦር ገበያ መሐል ቆሜ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። የነገረኝ ባቄላ ጭኖ የመጣ የጋይንት ነጋዴ ነው። የበቅሎውን ጭነት እያራገፈ፣ እንደ ተራ ወሬ፣ «የናንተ አገር ሴት ጭቃ ሹም አረፉ» አለኝ።

ሽንኩርቱን ጣልኩት። «መቼ?»

«ኧረ ከተቀበሩ ሰነበቱ! የሰው ብዛትስ! ከስማዳ ሳይቀር ወንዝ ተሻግሮ መጣ። ጦር አልመሩ፣ ባላባት አይደሉ፤ ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሊሆን ነው የመጣው ብዬ ገረመኝ።»

እኔን አልገረመኝም። ዐይኔን በነጠላዬ ጠራርጌ፣ ነጋዴውን ለምን ቶሎ አልነገርከኝም ብዬ ያለ ጥፋቱ ተቆጥቼው ሄድኩ።

ባለፈው ዓመት የአማርኛ መምህራችን «ስለ አንድ ታላቅ መሪ ጻፉ» ብለውን ነበር። ክፍሉ ሁሉ ንጉሥና የጦር አበጋዝ ሲደረድር እኔ ስለ እሜቴ የውብዳር ጻፍኩ። መምህሩ ወረቀቴን ሲመልሱልኝ፣ «አጻጻፍሽ ደኅና ነው፤ ግን ጭቃ ሹምም መሪ ይባላል?» አሉኝ።

«እርስዎ ጭቃ ሹም ሆነው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ውጭ እንድቆም ተፈረደብኝ። ውጭ መቆም ለኔ ቅጣት አይደለም፤ ድሮም ቁጭ ማለት አልወድም። ያን ጊዜ አንድ ወረቀት አልበቃኝም ነበርና አሁን እንደ ልቤ ልጻፈው።

አገራችንን ለማያውቅ፣ ጭቃ ሹም ማለት የአንድ አጥቢያ ሹም ነው። ግብር ያስገባል፤ የድንበር ጠብ ያያል፤ ለሥራ ሰው ይጠራል፤ ከብት ሲጠፋ ያፋልጋል። ከላይ ያለው ገዥ የሚቆጣው እሱን ነው፤ ከታች ያለው ገበሬም የሚረግመው እሱኑ። በኛ አጥቢያ ሹመቱ በሦስት የርስተኛ ቤቶች መካከል በተራ ይዞራል። መስቀል ባለፈ ቁጥር ካንዱ ቤት ወደ ሌላው ይተላለፋል። ስለዚህ የጭቃ ሹም ዕድሜ አንድ ዓመት ነው። አብዛኛው ሹም ዓመቱን ጨርሶ ሲወርድ ሰላምታ የሚሰጠው እንኳ ያጣል። እሜቴ የውብዳር ግን አንዴ ከተሾሙ ወዲህ መስቀል በመጣ ቁጥር ሁለቱ ቤቶች «ተራችን ለእሜቴ ይሁን» እያሉ ስለተዉላቸው፣ ሹም እንደሆኑ ሞቱ። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ነው የማወራው።

በተሾሙበት ዓመት ተራው የአባታቸው ቤት ነበረ። አባታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። የቀሩት ልጆች ሁለት ናቸው። በኩሯ እሜቴ የውብዳር፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ረዘም ቀጠን ያሉ፣ ሲራመዱ መሬቱን የሚለኩ የሚመስሉ ሴት ናቸው፤ የኛ ቤትና የሳቸው ቤት በአንድ አጥር ይገናኛል። ታናሽ ወንድማቸው ደምለው ደግሞ ድምፁ ከሱ ቀድሞ ቤት የሚገባ ሰው ነው። ሳይሾም የሹም አረማመድ ጀምሯል፤ ካባም አሰፍቷል ይባል ነበር።

ከመስቀል ማግስት፣ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰብስቦ ሳለ፣ መሪጌታ ክንፈ ቆሙ። መሪጌታ ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው የመጡ፣ ወግ የሚያውቁ የደብራችን ሊቅ ናቸው። «ተራው የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ደምለው ካባውን አስተካክሎ ሊነሣ ሲል ከሴቶቹ በኩል፦

«የኔ ነው» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ደምለው ዞረ። «እቴ፣ ምን ማለትሽ ነው?»

«በኩር እኔ ነኝ። የቤታችን ተራ የበኩር ነው።»

«ኧረ በማርያም! ሴት ጭቃ ሹም ሆና ማን አየ?»

«አላየህም? እንግዲያ ደልደል ብለህ ተቀመጥና እይ።»

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ደምለው ወደ መሪጌታ አቤት አለ። መሪጌታ ጥቂት አሰቡና፣ «እኔ የማውቀው ወግ ተራው ለበኩር ነው ይላል። ወንድ ይሁን፣ ሴት ይሁን አላለም። አባቶቻችን ረስተውት ከሆነ፣ የረሱትን እኔ አልጨምርላቸውም» አሉ። ነገሩ በዚሁ አለቀ። ደምለው ግን አላለቀም። «በጥምቀት አልቅሳ ትለቀዋለች» እያለ በየጠላ ቤቱ ሲያወራ ከረመ።

ጥምቀት መጣ፤ ሄደ። ያለቀሰ የለም።

እሜቴ ለፍርድ ሲቀመጡ ቆሞ የሚከራከር ሰው ካለ እሳቸውም ይቆማሉ። ነገር ያለበትን ሰው ቤት ውሃ እንኳ አይጠጡም። ሲናደዱ ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ብድግ ብለው ለተሰበሰበው ሰው ጀርባቸውን ይሰጣሉ። ዝም ብለው አጥር አጥሩን ያያሉ። ከዚያ ተመልሰው ሲዞሩ ፊታቸው ሌላ ፊት ነው። ልጆች ሳለን ይህን እየቀዳን እንጫወት ነበር፤ «እሜቴ ዞሩ! ዝም በሉ፣ ዞሩ!» እያልን። አንድ ቀን እየቀዳኋቸው ደረሱብኝና፣ «ጀርባ መስጠቱንስ ቻልሽው፤ አስቸጋሪው ተመልሶ መዞሩ ነው» አሉኝ።

አንድ ጊዜ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር የተካሰሰ ሰው አንድ ማድጋ ማር ይዞላቸው መጣ። አገሬው ይህን «መተያያ» ይለዋል፤ ሌላው ዓለም ጉቦ ይለዋል። እሜቴ ማሩን ተቀበሉ። ሰውዬው እየተደሰተ ሄደ። በማግስቱ ማድጋውን ለባላጋራው ላኩለት፤ «ጎረቤትህ መታረቅ ስላማረው ይህን ልኮልሃል» የሚል ቃል ጨምረው። ባላጋራው ልቡ ተነክቶ፣ ጠቦት እየጎተተ ሊታረቅ መጣ። ማር ሰጪው ምን ይበል? አልላክሁም እንዳይል መተያያ ማምጣቱን ሊናገር ነው። ታረቀ። ሰውዬው እስከ ዛሬ ድረስ «ማሬን ያስበላችኝ ሹም» ይላቸዋል፤ ግን እየሳቀ ነው የሚለው።

«ሹመት የተውሶ ሞፈር ነው» ይሉ ነበር፤ «ስትመልሰው እንዳይሰነጠቅ እያየህ እረስበት።»

መልአክ ነበሩ ማለቴ አይደለም። ስብከት ላይ ያንቀላፋሉ። ዘፈን አይችሉም፣ ይዘፍናሉ። እልኸኛ ናቸው። አባቴ ትምህርቴን ሊያስተወኝ ሲያስብ ቤታችን ድረስ መጥተው፣ «ይህች ልጅ እግሯ አያርፍም፤ ቤት ብታስቀምጣት አጥርህን ታፈርሰዋለች። ደብረ ታቦር ስደዳት፣ የሰው አጥር ታፍርስ» ያሉት እሳቸው ናቸው። እኔ ፊት ነው ያሉት። ደግሞም ይሳሳታሉ። እንዲያውም ትልቁን ኩራቴን ያተረፍኩት ከተሳሳቱበት ቀን ነው።

በተሾሙበት ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ሰው ሁሉ በእርሻ ሲዋከብ፣ የአያ ጥጋቡ በሬ ጠፋ። አያ ጥጋቡ ከአንድ ጥንድ በሬ በቀር ምንም የሌለው ገበሬ ነው። አንዱ ከጠፋ ሌላው ብቻውን አያርስም። «ተሰረቅሁ!» ብሎ ጮኸ። እሜቴም አውጫጭ አስቀመጡ።

በአውጫጭ የአጥቢያው ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ካህን ያወግዛል። ያየ፣ የሰማ ይናገር ይባላል። ተናጋሪው ጠላት እንዳያፈራ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል እንጂ እኔ አየሁ አይልም። ወፏ እስክትናገር ማረስም፣ ቤት መግባትም የለም። ሌባው ካልተገኘ አጥቢያው አዋጥቶ የጠፋውን ይተካል።

እኔ ከንፋስ መውጫ ትምህርት ቤት ለዕረፍት መጥቼ ነበርና ከልጆች ጋር የቤተ ክርስቲያኑ ካብ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። የመጀመሪያው ቀን በከንቱ አለፈ። በማግስቱ ፀሐይ አናት ሲበሳ፣ ሰው ሲርበው፣ ወፏ ተናገረች፦ የጥጋቡ በሬ ቆዳ ከፋቂው ጉድጓድ ውስጥ ነው አለች።

ፋቂው የሚሉት ተገኘን ነው። ቆዳ እያለፋ ከሚስቱ ጋር ወንዝ ዳር ይኖራል። ርስት የለውም። አጥቢያው በሙሉ እሱ በሠራው ምራን በሬ ይጠምዳል፤ እሱ በቆረጠው ጠፍር በተወጠረ አልጋ ላይ ይተኛል፤ ቤቱ ገብቶ ውሃ የሚጠጣለት ግን አንድ ሰው የለም። «ዐይኑ ይበላል» ይሉታል። እንዲህ ያለ ነገር የሚያወሩት የተማሩ የሚባሉትም ጭምር ናቸው።

ቆዳው መጣ። ጥጋቡ ገና ሲያየው፣ «የኔው ነው! ይኸው የተኮስሁበት ምልክት!» አለ።

እሜቴ ተገኘን ጠየቁት። «ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ከወገዳ ገበያ ገዝቼው ነው፣ እሜቴ። የሸጠልኝ የስማዳ ሰው ነው።»

«ስሙ ማነው?»

«ስሙን አልጠየቅሁትም። ቆዳ ሻጭን ስምህ ማነው የሚል ሰው አለ?»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ፀሐዩ አለ፤ ረኃቡ አለ፤ ሥራ ፈቶ የቆመው በሬ አለ። ሁሉም የፈለገው ነገሩ አልቆ ቤቱ መግባት ነው። እሜቴም እንደ ሰዉ ሆኑ። ያን ቀን አልዞሩም፤ አጥሩንም አላዩም።

«ሌባ ባትሆን የሌባ ወዳጅ ነህ» አሉት። «ሰኔ ሚካኤል ሳይደርስ ከዚህ አጥቢያ ውጣ።»

«ደግ ፈረዱ!» አለ ሰው፣ ተነሥቶ አቧራውን እያራገፈ። ደምለው ሳይቀር ከሰው መሐል ብድግ ብሎ፣ «ዛሬ ገና ሹም ሆነች!» አለ። ልብ በሉልኝ፤ ደምለው እኅቱን በአደባባይ ሲያመሰግን የሰማሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ተገኘ እጁ ላይ የቀረውን የቆዳ ውሃ በቁምጣው ጠርጎ ወደ ቤቱ ወረደ።

ሳምንቱ ሳያልቅ፣ ዓርብ ቀን፣ አንድ የስማዳ ሰው ሁለት ቀንድ በትከሻው አንጠልጥሎ ወንዝ ተሻግሮ መጣ። «ገደል የገባ በሬ የማን ነው?» እያለ ይጠይቃል። እሜቴ ዘንድ አደረስነው። ሰውዬው በሬውን ገደል ሥር፣ ግማሹን ጅብ በልቶት አገኘው። የተረፈውን ቆዳ ገፍፎ ወገዳ ወስዶ ለአንድ ፋቂ ሸጠ። በኋላ ሲያስበው ከበደው። «የባለቤቱ እንባ እንዳይደርስብኝ ብዬ ነው የመጣሁት» አለ።

እሜቴ መቀነታቸውን አጥብቀው ጥጋቡን አስከትለው ገደሉን ወረዱ። እኔም ተከተልኳቸው፤ ማን ሊያስቀረኝ? ከታች አጥንቱ አለ። ከላይ በሬው የተንሸራተተበት መሬት ተልጦ፣ ቁጥቋጦው ተሰብሮ ይታያል። ሌባ አልነበረም። በሬው ሣር ሲከተል ራሱ ነው የገባው።

ስንመለስ እሜቴ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ። «ተገኘ ያለው ይህንኑ ነበር» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ወንዙ ሲወርዱ አየኋቸው። እንደገና ተከተልኩ። ደምለው ወሬው ደርሶት ኖሮ መንገዱ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

«እቴ፣ ወዴት ነው?»

«ተገኘ ቤት። ድንጋይ ልሸከምለት።»

በኛ አገር ሰው የበደለ ሰው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ይቆማል። የተበደለው ይቅር ካለ ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርድለታል። ርስተኛ ለፋቂ ሲሸከም ግን ያየ የለም።

ደምለው ፊቱ ተለዋወጠ። «አስጠሪውና ‹ቅር፣ አትሂድ› በዪው። ያ ይበቃዋል!»

«የበደልሁት እኔ ነኝ። የበደለ ነው የሚሄደው።»

«ሹም ለፋቂ አጎነበሰች ከተባለ በኋላ ማን ይሰማሻል? ስትጠሪ ማን ይመጣልሻል? የወረዳው ገዥ ቢሰማ እኮ ዛሬውኑ ይሽርሻል!»

«ይሻረኝ። የተገኘ ሚስት ዕቃዋን እያሰረች ነው።»

«የአባታችንን ስም ጭቃ ላይ ልትጥዪው ነው!»

«አባታችን አንድም ቀን ተሳሳትሁ ሲል ሰምተህ ታውቃለህ?» አሉት።

«አላውቅም!»

«እኔም አላውቅም። ያልተሳሳተ ሰው ሆኖ ይመስልሃል?» ብለውት አለፉ።

የተገኘ ሚስት እውነትም ሰሌኑን ጠቅልላ በጠፍር እያሰረች ነበር። እሜቴ ከወንዙ ዳር ድንጋይ አነሡ። ትንሽ አልመረጡም። ማጅራታቸው ላይ አድርገው በሩ ፊት አጎነበሱ።

«አያ ተገኘ፣ በድዬሃለሁ» አሉ።

ሚስትየው ጠፍሩን ለቀቀችው። በዚያ አጥቢያ ተገኘን «አያ» ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም።

ተገኘ ከቤት ወጣ። «እሜቴ፣ ድንጋዩ ከባድ ነው፤ ያውርዱት» አለ።

«የምታወርደው አንተ ነህ።»

«እዚህ አላወርደውም።»

ተገኘ ቀጠለ። «የሌባ ወዳጅ የተባልኩት ሜዳ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ሰምቷል። እዚህ የሚሰማልኝ ውሻዬ ነው። ውሻዬ ድሮም ሌባ ነህ አላለኝም።»

እሜቴ ድንጋዩን እንደ ተሸከሙ ዞሩና ጀርባቸውን ሰጡን። እኔና የተገኘ ሚስት ተያየን። ጀርባቸው ሲነፋና ሲሟሽሽ ይታያል። ቁጣው አንገታቸው ላይ ቆሞ ነበር፤ አየሁት። ከዚያ ተመልሰው ዞሩ።

«እውነትህን ነው። ነገ እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ና» ብለው ድንጋዩን ራሳቸው አስቀመጡት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሜዳው ላይ እንደ ተሰበሰበ፣ እሜቴ ከካቡ ሥር ድንጋይ አንሥተው ተሸከሙ። ወንዱም፣ ሴቱም፣ ካህናቱም ቆመዋል። ደምለው ከዳር ቆሞ ጥርሱን ያፋጫል።

«በዚህ ሜዳ ይህን ሰው የሌባ ወዳጅ ብዬዋለሁ» አሉ እሜቴ። «ሐሰት ነው። ወፏ ያለችው ቆዳው እሱ ዘንድ አለ ነው፤ እሱም ገዛሁት አለ። የሁለቱም እውነት ነበር። ሌላውን የጨመርሁት እኔ ነኝ። ለምን ጨመርሽ ብትሉኝ፣ ቶሎ ወደ ቤቴ መሄድ ፈልጌ ነው።»

ያ ሁሉ ወንድ መሬት መሬቱን አየ። የዚያን ቀን ቤቱ መሄድ ያልፈለገ ማን ነበር?

ተገኘ በሕዝቡ መሐል መጣ። ሰዉ እንዳይነካው ገለል ገለል እያለ መንገድ ለቀቀለት፤ ያም ልማድ በአንድ ቀን አይለቅም። ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሣና መሬት አኖረው።

«ወርዷል፣ እሜቴ» አለ።

መሪጌታ ክንፈ «አሜን» አሉ። ሌላ የተናገረ የለም። ሰው ወደየቤቱ ሲበተን ደምለው ለሚሰማው ሁሉ፣ «እስቲ ነገ ለሥራ ትጥራና እናያለን! አንድ ሰው ከመጣ ከምላሴ ፀጉር!» ሲል ሰማሁት። በዚህ የሚስማሙም ብዙ ነበሩ። እውነቱን ልናገር፤ እኔም ፈራሁ። ማታ ለእናቴ «ይሽሯቸዋል» አልኳት።

ሰኞ ማለዳ ጉም መሬት ላይ ተኝቷል። የጥጋቡ ማሳ አልታረሰም፤ ዝናቡ ደግሞ እየደረሰ ነው። እሜቴ ከማሳው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ወጥተው ተጣሩ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የጥጋቡ ማሳ ሊታረስ ነው! በሬ ያለህ በሬህን፣ ጉልበት ያለህ ጉልበትህን!»

ዝም። ውሻ ጮኸ፤ እሱም ዝም አለ። በጉሙ ውስጥ የሚታይ ነገር የለም። ጥጋቡ አንዱን በሬውን ይዞ እንደ ሐውልት ቆሟል።

«ድምፅዎ አልደረሰ ይሆናል» አልኳቸው።

«ደርሷል።»

«እሜቴ፣ አያፍሩም?»

«አፈርሁ እንጂ! ትናንት እግሬ ሥር ያለው መሬት ቢከፈት እገባ ነበር። ኀፍረት ይገድላል ያለሽ ማነው?»

«ዛሬ ማንም ባይመጣስ?»

«አንቺ አለሽ። ዶማ እንይዛለን። ማሳው ከኔ ክብር ጋር ጠብ የለውም፤ መታረስ ብቻ ነው የሚፈልገው።»

መጀመሪያ ከጉሙ የወጣው ተገኘ ነው። አዲስ ምራን ጥቅልል አድርጎ በትከሻው ይዟል። «በሬ የለኝም» አለ፤ «የተበጠሰበት ካለ ብዬ ነው።» ቀጥሎ ከታች ጅራፍ ጮኸ። ከወዲያ ማዶም ጮኸ። አንድ ጥንድ ብቅ አለ፤ ሌላ ጥንድ ተከተለ፤ ኋላማ የማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ማሳው ጠበበ። ማር አምጪው ሰውዬ ሳይቀር በሬዎቹን እየነዳ መጥቶ፣ «እሜቴ፣ ትናንት እርስዎ ተሸከሙ፤ ዛሬ እኛን ሊያሸክሙን ነው?» ሲል፣ «አንተን ሚስትህ ተሸክማሃለች፤ ዝም ብለህ ጥመድ!» አሉት። ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን የለም። የኔ ሥራ እንኳ ሳይሆን ደረቴ ሊቀደድ ነበር።

ፀሐይ ጉሙን ስትገፍ ከማሳው ጥግ አንድ ሰው ቆሞ አየን። ደምለው ነው። ካባ የለበሰ አይደለም። በአጥቢያው የሚቀናባቸውን ሁለት በሬዎቹን ይዞ፣ ወደፊትም ወደኋላም ሳይል ቆሟል። ጅራፉ ሁሉ ጋብ አለ። አንድ የሚሳደብ ሰው ቢኖር ኖሮ ይመለስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

«እቴ» አለ በመጨረሻ። «ከየት በኩል ልግባ?»

እኔ እሜቴን አየሁ። ማለት የሚችሉት ነገር ሁሉ ምላሴ ላይ መጣልኝ፤ ቢፈቅዱልኝ እኔ እልላቸው ነበር።

«ከታች ጀምር» አሉት። «ላይኛው እርጥብ ነው፤ በሬዎችህን እንዳያዳልጣቸው።»

ደምለው ጎንበስ ብሎ ጠመደ።